ቁልፍ ሌላ፣ ፊደል ሌላ፦ ስለ ኪቦርድና ዴስክቶፕ ፕሮግራም የአንባቢያን ጥያቄ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከ4 ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ካሉ ሱቆች፣ ቢሮዎችና ተማሪዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ኪቦርድ ነው፦ ተጠቃሚው አንድ ነገር ይነካል፣ ፕሮግራሙ ሌላ ነገር ይሰማል። የትእዛዞቹን ስም ሁሉ እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፈናል፤ ኮዱ ላይ ስትጽፉ ቋንቋው የሚፈልገውን አጻጻፍ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ላለ ማተሚያ ቤት የደንበኛ መመዝገቢያ በሲ ሻርፕ ዊንፎርምስ (የዊንዶውስ መስኮቶች መሥሪያ) ሠርቻለሁ። የስም ሳጥኑ ቁጥርና ምልክት እንዳይቀበል ኪይፕሬስ ላይ (ፊደል ሲገባ በሚመጣው መልእክት ላይ) ማጣሪያ አድርጌበታለሁ። ኪይማን በተባለው መጻፊያ ፕሮግራም አማርኛ ሲጻፍበት «ሰላም» የሚለው «ስሰልላም» ሆኖ ይወጣል። ያው ኪይማን ኖትፓድ ላይ በትክክል ይጽፋል። ጸሐፊዋ ባክስፔስም አይሠራም ትላለች፤ እሱን በኋላ አየዋለሁ። የተበላሸው ኪይማን ነው ወይስ የእኔ ኮድ?

መልስ፦ ኪይማን ጤነኛ ነው። «በኋላ አየዋለሁ» ብለው ያቆዩት የባክስፔስ ነገር ነው ስሙን የሚያበላሸው፤ ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው።

አማርኛ በድምፅ ሲጻፍ አንድ ሆሄ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈጃል። የኤስ ቁልፍ ሲነካ «ስ» ይወጣል፤ የኢ ቁልፍ ሲከተለው «ስ» ይነሳና በቦታው «ሰ» ይቀመጣል። የሚነሳው እንዴት ነው? የጽሕፈት ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ራሱ ባክስፔስ ይልክና አዲሱን ሆሄ ያስከትላል። ኖትፓድ ላይ የሚያግደው ስለሌለ ሆሄው በትክክል ይተካል። የእርስዎ ማጣሪያ ግን «ፊደል ካልሆነ አታስገባ» ይላል። ባክስፔስ ኪይፕሬስ ላይ የሚደርሰው 8 ቁጥር ያለው ምልክት ሆኖ ነው፤ ያ ደግሞ ፊደል ስላልሆነ በሩ ላይ ይመለሳል። «ስ» ሳይነሳ «ሰ» ይጨመራል፣ «ል» ሳይነሳ «ላ» ይጨመራል። መጨረሻ ላይ «ም» አንድ ብቻ የሆነችው ከኤም ቁልፍ በኋላ አናባቢ ስላልተከተለ ነው።

አስቸኳይ ጥገናው አንድ መስመር ነው። ፊደል መሆኑን ከመጠየቅዎ በፊት «ኢዝ-ኮንትሮል» (የመቆጣጠሪያ ምልክት ነው ወይ) ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ምንም ሳይነኩ ያሳልፉት። በዚሁ በር ኮንትሮል ሲ 3፣ ኮንትሮል ቪ 22፣ ኮንትሮል ኤክስ 24 ቁጥር ይዘው ስለሚያልፉ ኮፒና ፔስትም አብረው ይድናሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ማጣሪያው ያለበት ቦታ ራሱ ትክክል አይደለም። ዊንዶውስ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መጀመሪያ ቁጥሩ 256 የሆነ መልእክት ይመጣል፤ ይህ ኪይዳውን ነው፣ የሚናገረውም «ይህ ቁልፍ ተጫነ» ብቻ ነው። ከዚያ ስርዓቱ ቁልፉን፣ ሺፍቱንና የተመረጠውን የኪቦርድ አቀማመጥ አይቶ ወደ ፊደል ይተረጉምና 258 ቁጥር መልእክት ይልካል፤ ይህ ኪይፕሬስ ነው። ጣት ሲነሳ 257፣ ኪይአፕ። ቁልፉንና ፊደሉን የሚያገናኛቸው መካከል ላይ ያለው ትርጉም ነው። የአማርኛ መጻፊያዎች ሆሄውን በቀጥታ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው ቁጥር) ሲልኩ በኪይዳውን ላይ የሚያዩት የቁልፍ ቁጥር 231 ይሆናል፤ ሌሎች ደግሞ 229 ያሳያሉ። ስለዚህ «ቁልፉ ከ65 እስከ 90 (የላቲን ፊደላት ቁልፎች) ከሆነ ፊደል ነው» የሚል ኮድ አማርኛን ፈጽሞ አያውቀውም። ኪይዳውንን ለሥራ ይጠቀሙበት፦ ለኤፍ 2፣ ለኢስኬፕ፣ ለቀስቶች። ምን ተጻፈ ለሚለው ጥያቄ ግን ሳጥኑን ራሱን ይጠይቁት።

ሌላው ምክንያት ማውዝ ነው። በቀኝ ክሊክ የተለጠፈ ጽሑፍ በኪይፕሬስ በኩል አያልፍም፣ ማጣሪያዎም አያየውም። ስለዚህ ምርመራውን ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር ወደሚነሳው «ቴክስት-ቼንጅድ» ያዛውሩት፤ ስሕተት ሲያዩ የሳጥኑን ቀለም ይለውጡ እንጂ ጽሑፉን አይንኩ። ተጠቃሚው ገና ሆሄ እየሠራ ሳለ ጽሑፉን ከቀየሩበት ጠቋሚው ይዘላል፣ ቀጣዩ አናባቢም የሚተካውን ሆሄ ያጣል። እምቢ የሚሉበት ቦታ «ቫሊዴቲንግ» ነው፣ ተጠቃሚው ሳጥኑን ለቆ ሲሄድ።

ምን ይፈቀድ? በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክልል በአስርዮሽ ቁጥር ከ4608 እስከ 4991 ነው። ሆሄያቱ እስከ 4954 ባለው ውስጥ ናቸው፤ ከ4960 እስከ 4968 ሥርዓተ ነጥብ፣ ከ4969 እስከ 4988 የግዕዝ ቁጥር ነው። «ኢዝ-ሌተር» ይህን ራሱ ይለያል። አንድ ነገር ግን አይለይልዎትም፦ ገ/መድኅን፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል የሚባሉ ደንበኞች አሉ። ያንን ስላሽ ካልፈቀዱ ሰው በገዛ ስሙ መመዝገብ ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላለ መድኃኒት ቤት በፓይተን ትኪንተር (የፓይተን መስኮቶች መሥሪያ) የመሸጫ ፕሮግራም እየሠራን ነው። የባርኮድ ስካነሩ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። ቁልፍ በመጣ ቁጥር እየቆጠርን 13 ሲሞላ ከሳጥኑ አንብበን እንፈልጋለን፤ ግን የምናገኘው 12 አሃዝ ነው። አንዳንድ ካርቶን ላይ ያለ ፊደል የተቀላቀለበት ኮድ ደግሞ በአማርኛ ሆኖ ይገባል። ስካነሩን እንለውጥ?

መልስ፦ አትለውጡ። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው፣ አንዱም የስካነሩ ጥፋት አይደለም።

የጎደለው አሃዝ ከቅደም ተከተል የመጣ ነው። ትኪንተር አንድ ቁልፍ ሲደርሰው መጀመሪያ ለዚያ ሳጥን ብቻ የታሰረውን ፈንክሽን ይጠራል፣ ቀጥሎ ለሳጥን ዓይነት ሁሉ የታሰረውን፣ ከዚያ የመስኮቱን፣ በመጨረሻ የሁሉንም። አሃዙን ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ሁለተኛው ነው። የእናንተ ፈንክሽን አንደኛው ላይ ስላለ 13ኛው አሃዝ ገና ሳይጻፍ ያነባል። «ኪይ» ላይ ያሰራችሁትን ፍቱና «ሪተርን» (ኢንተር) ላይ እሰሩት፤ ስካነሮች አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ በኋላ ኢንተር ይልካሉ፣ ያን ጊዜ ሳጥኑ ሙሉ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ቁጥሩን በእጁ ጽፎ በቁጥር ሰሌዳው ኢንተር የሚጫን ከሆነ ትኪንተር እንደ ሊኑክስ ባሉ ስርዓቶች ላይ ያንን «ኬፒ-ኢንተር» ብሎ እንደ ሌላ ቁልፍ ስለሚያየው እሱንም ለብቻው እሰሩት። ፈንክሽናችሁ ሲጨርስ «ብሬክ» የሚለውን ቃል ይመልስ። አለበለዚያ ያው ኢንተር ወደ መስኮቱ ያልፍና እዚያ «ሽያጩን መዝግብ» ታስሮበት ከሆነ ደንበኛው ገና ሁለተኛውን መድኃኒት ሳያነሳ ሒሳቡ ይዘጋል።

የተነበበውን ሳታጣሩ አትፈልጉ። የ13 አሃዝ ኮድ የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። ከግራ ጀምሮ በጎዶሎ ቦታ ያሉትን እንዳሉ፣ በሙሉ ቦታ ያሉትን በ3 አባዝታችሁ የ12ቱን ድምር አውጡ፤ ድምሩን ወደ ቀጣዩ አስር ለማድረስ የሚጎድለው ቁጥር 13ኛው አሃዝ መሆን አለበት። ለምሳሌ 5901234123457ን ውሰዱ፦ ጎዶሎዎቹ 17፣ ሙሉዎቹ 22 ሲባዛ በ3 ይሆናል 66፣ ድምር 83፤ ወደ 90 የሚጎድለው 7 ነው፣ መጨረሻውም 7 ነው። አንድ አሃዝ ሲጎድል ወይም ሲሳሳት ወዲያው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ አማርኛው። ለኮምፒውተሩ ስካነሩ ሌላ ኪቦርድ ነው። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ የሰው ጣት ይሁን የስካነር መብራት አይለይም፣ ፊደሉን ወደ ሆሄ ይለውጣል። የገባውን አማርኛ ወደ ላቲን መልሶ መተርጎም ይቻላል ብላችሁ አትድከሙ፤ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት በመካከል ሊጠፋ ይችላል፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ከሆነ ደግሞ ይገላበጣል። እኛ የምንመክረው ስካነሩን ከኪቦርድነት ማውጣት ነው። ብዙ ስካነሮች አብሯቸው በሚመጣው መመሪያ ላይ ባለ የማስተካከያ ባርኮድ ወደ ሲሪያል ፖርት ይቀየራሉ። ከዚያ ፓይሲሪያል በተባለው ላይብረሪ በቀጥታ ታነባላችሁ፤ አማርኛ ቢበራ ባይበራ፣ ጠቋሚው የትኛውም ሳጥን ላይ ቢሆን ግድ አይሰጠውም። የሚያነበውን ግን በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) አድርጉትና ውጤቱን በኪዩ (በወረፋ) አሳልፉ፤ ትኪንተርን ከሌላ ትሬድ በቀጥታ መንካት ፕሮግራሙን ሊያንጠለጥለው ይችላል።

ስካነሩ ሲሪያል የማያውቅ ከሆነ በፍጥነት መለየት ይቻላል፦ በሁለት ቁልፎች መካከል ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ሰው አይደለም እንበል። ልኩን በራሳችሁ መሣሪያ ላይ ፈትሹት። ሰዓቱን ግን ፈንክሽኑ ሲጠራ ከኮምፒውተሩ አትውሰዱ፤ ኢቨንቱ (የቁልፉ መልእክት) ራሱ «ታይም» የሚል በሚሊሰከንድ የተመዘገበ ሰዓት አለው። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ቁልፎቹ ቢጠራቀሙና ባንድ ጊዜ ቢመጡ የሰው ጽሑፍ ስካነር የሚመስለው ይህን የዘነጋ ሰው ኮድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ያለ ቢሯችን የሒሳብ ሠራተኞች ከሳጥን ወደ ሳጥን በታብ ሳይሆን በኢንተር መሄድ ይፈልጋሉ። ዊንፎርምስ ነው። አደረግሁላቸው፤ ይሄዳል፣ ግን በየሳጥኑ «ዲንግ» ይላል።

መልስ፦ ድምፁን የሚያሰማው ባለ አንድ መስመር ሳጥኑ ነው፤ የኢንተር ምልክት ሲደርሰው የሚያደርገው ስለሌለው ይጮኻል። በኪይዳውን ላይ «ሀንድልድ» ማለት አይበቃም፣ ኪይፕሬሱ ተከትሎ ይመጣል። «ሰፕሬስ-ኪይፕሬስ»ን እውነት ያድርጉት፣ ከዚያ «ሰሌክት-ኔክስት-ኮንትሮል» ይጥሩ። ለፎርሙ አንድ ጊዜ ብቻ ለመጻፍ ቁልፉን መጀመሪያ ለፎርሙ የሚያሳየው «ኪይ-ፕሪቪው» እውነት ይሁን፤ ብዙ መስመር ያለው ሳጥንና በተን ላይ ሲሆን ግን ይለፉት። ለፎርሙ «አክሴፕት-በተን» ሰጥተው ከሆነ ኢንተሩ ወደ ሳጥኑ ኪይዳውን ሳይደርስ በተኑን ስለሚጫን መጀመሪያ እሱን ያንሱት። ኪይዳውን ላይ አሃዝ የሚፈትሹ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ረድፍ ከ48 እስከ 57፣ የቁጥር ሰሌዳው ከ96 እስከ 105 መሆኑን ያስታውሱ፤ ሒሳብ ሠራተኛ የሚጠቀመው ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄ፦ 4 ኪሎ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በጃቫ ስዊንግ ትንሽ ጌም ለፕሮጀክት ሠራሁ። «ጀምር» የሚለውን በተን ከተጫንኩ በኋላ ቀስቶቹ መሥራት ያቆማሉ። በተኑን ሳጠፋው ይሠራል፣ ግን ቀስቱን ይዤ ስቆይ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆምና ከዚያ ይቀጥላል። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ባለው ሊኑክስ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ቤቴ ባለው ዊንዶውስ አይንቀጠቀጥም።

መልስ፦ ሦስት ጥያቄ ነው ያቀረቡት፤ ሦስቱም የጌም ጀማሪ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

የመጀመሪያው የፎከስ ነገር ነው፤ ማለትም ቁልፍ ሲነካ የሚሰማው የቱ ነው የሚለው። ኪይ-ሊስነር የሚሰማው የታሰረበት ፓኔል ፎከስ ሲይዝ ብቻ ነው። በተኑን ሲጫኑ ፎከሱ ወደ በተኑ ሄደ፤ ፓኔሉ መስማት አቆመ። ብዙ ሰው «ሪኩዌስት-ፎከስ-ኢን-ዊንዶው» ብሎ ይመልሰዋል፤ መስኮቱ ከመታየቱ በፊት ከተጠራ ዋጋ የለውም፣ ሌላ በተን ሲጨምሩም እንደገና ይጠፋል። ለዚህ የተሠራው ኪይ-ባይንዲንግ (ቁልፍን ከሥራ ጋር ማሰር) ነው። የፓኔሉን ኢንፑት-ማፕ «ዌን-ኢን-ፎከስድ-ዊንዶው» በሚለው ይውሰዱ፣ ቁልፉን ለአንድ ስም ይስጡ፣ ያንን ስም በአክሽን-ማፕ ውስጥ ከሥራው ጋር ያገናኙ። መስኮቱ ፎከስ እስከያዘ ድረስ ይሰማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ቁልፉን በጽሑፍ ሲሰጡ የቁልፉ ስም በትልልቅ ፊደል፣ «ሪሊዝድ» እና «ሺፍት» የሚሉት በትንንሽ መሆን አለባቸው። ከተሳሳቱ ስዊንግ አይጮኽም፤ ባዶ ይመልሳል፣ እርስዎም ለምን እንደማይሠራ ሲፈልጉ ይውላሉ። ሁለተኛ፣ ፎከስ የያዘው ነገር የራሱ ባይንዲንግ ካለው ቀድሞ ይወስዳል። በተን ስፔስን ይበላል፤ ስፔስ መዝለያ ከሆነ ተጫዋቹ በዘለለ ቁጥር ጌሙ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ በተኑ ላይ «ሴት-ፎከሰብል» ሐሰት ያድርጉ። ሦስተኛው የሚገርም ነው፦ «ግራ ቀስት» እና «ሺፍት ከግራ ቀስት ጋር» ለስዊንግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተጫዋቹ ግራ ቀስቱን ይዞ ሳለ ሺፍት ቢነካና ቀስቱን ቢለቅ፣ ያለ ሺፍት የተመዘገበው የመልቀቂያ ባይንዲንግ አይነሳም፤ ገጸ ባሕሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከሺፍት ጋር ያለውንም ይመዝግቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አንድ እርምጃ ሄዶ የሚቆመው፣ ከኪቦርድ ድግግሞሽ የመጣ ነው። ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ስርዓቱ ጥቂት ጠብቆ መደጋገም ይጀምራል፤ ዊንዶውስ ላይ ያ መጠበቂያ እንደ ማስተካከያው ከሩብ ሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ ይደርሳል። ለጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ለእንቅስቃሴ አይሆንም። በኪይ ኢቨንት ላይ ገጸ ባሕሪውን አያንቀሳቅሱ። ቁልፍ ሲጫን ስሙን በአንድ «ሴት» (አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በማይያዝበት ስብስብ) ውስጥ ያስገቡ፣ ሲለቀቅ ያውጡት፤ ቁልፉ ደጋግሞ ቢመጣ ሴት ውስጥ ያው አንድ ነው። የስዊንግ ታይመር በየ16 ሚሊሰከንዱ ይነሳና ሴቱን ይመልከት፤ ያ በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ይጠጋል። ታይመሩ ሁልጊዜ በሰዓቱ ስለማይደርስ ርቀቱን በእርምጃ አይቁጠሩ፦ «ናኖ-ታይም» ተጠቅመው ካለፈው ጥሪ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይለኩ፣ በፍጥነቱ ያባዙ፤ ለምሳሌ በሰከንድ 200 ፒክሰል። የስዊንግ ታይመርም ኪይ ኢቨንቱም በአንድ ትሬድ ስለሚሄዱ ሴቱ መቆለፊያ አያስፈልገውም።

ላብ ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ ሊኑክስ ላይ መስኮቶችንና ኪቦርድን ከሚያስተናግደው ከኤክስ 11 ነው። ዊንዶውስ ቁልፍ ሲደጋገም መጫኑን ብቻ ይደጋግማል፤ ኤክስ 11 ግን በየድግግሞሹ «ተለቀቀ፣ ተጫነ» ብሎ ጥንድ ይልካል። የእርስዎ ሴት ቁልፉን እያወጣ ያስገባል፣ ገጸ ባሕሪውም ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው መልቀቅን ወዲያው አለማመን ነው። «ተለቀቀ» ሲመጣ 10 ሚሊሰከንድ ያህል የሚጠብቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳ ታይመር ያስነሱ፤ በዚያ መካከል «ተጫነ» ከመጣ ይሰርዙት፣ ካልመጣ ያን ጊዜ ቁልፉን ያውጡ።

ሳይጠይቁን የምንጨምረው አለ። ተጫዋቹ ቀስቱን ይዞ በአልት ታብ ወደ ሌላ መስኮት ቢሄድ፣ ጣቱ ሲነሳ የሚሰማው ያ ሌላው መስኮት ነው። መስኮቱ ፎከስ ሲያጣ ሴቱን ባዶ ያድርጉት። ሁለት ቀስትና ስፔስ አንድ ላይ ሲያዙ አንዱ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ኮዱን ከመበተንዎ በፊት በሌላ ኪቦርድ ይሞክሩ፤ ርካሽ ኪቦርዶች ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ ሽቦ ስለሚያነቡ አንዳንድ የሦስት ቁልፍ ጥምረት አይለዩም። በቀስቶቹ ፈንታ ሌላ ፊደላትን እንደ አማራጭ መስጠት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ በትኪንተር የሠራሁት የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ኮንትሮል ኤስ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። (ከአራዳ)

መልስ፦ «አንዳንዴ» የሚሉት ወይ ካፕስ ሎክ ሲበራ ወይ የስርዓቱ ኪቦርድ ወደ አማርኛ ሲዞር ይሆናል። «ኮንትሮል-ኤስ» ብለው ሲያስሩ ለትኪንተር የነገሩት «ትንሹን ኤስ የሚያወጣው ቁልፍ» ብለው ነው። ካፕስ ሎክ ሲበራ ያው ቁልፍ ትልቁን ኤስ ያወጣል፤ ለእሱ ሌላ ስም ነው። አማርኛ ሲሆን ደግሞ የሚያወጣው ሆሄ ነው።

ትልቁንም ትንሹንም ይሰሩ። ለአማርኛው «ኮንትሮል-ኪይ» የሚለውን ጠቅላላ ኢቨንት ይሰሩና በውስጡ «ኪይኮድ»ን (የቁልፉን ቁጥር) ይመልከቱ፦ ኤስ ዊንዶውስ ላይ 83፣ በዛሬዎቹ ሊኑክሶች 39 ነው። ኮፒና ፔስትም ያው ዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ሲ 67 ወይም 54፣ ቪ 86 ወይም 55። ለእነዚህ «ኢቨንት-ጀነሬት» ብለው የኮፒውንና የፔስቱን ኢቨንት ራስዎ ያስነሱ፤ ነገር ግን «ኪይሲም» (ቁልፉ ያወጣው ፊደል ስም) የላቲን ፊደል ከሆነ ምንም አያድርጉ፣ ሳጥኑ ራሱ ስለሚሠራው ሁለት ጊዜ ይለጠፋል። ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ የሚጠይቅ አቋራጭ ግን አይስጡ። ዊንዶውስ ላይ በአንዳንድ አቀማመጦች የቀኙ አልት የሚመጣው ልክ ኮንትሮልና አልት ተደርቦ ስለሆነ፣ ሰው ምልክት ሊጽፍ ሲል ፋይሉን ሊዘጉበት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ ላለ ድርጅት ቀን የሚሞላበት ፎርም አለኝ። አንድ ሰው በግዕዝ ቁጥር ሲሞላው ፕሮግራሙ ወደቀ። «ኢዝዲጂት» ብዬ አጣርቼ ነበር።

መልስ፦ ፓይተን ውስጥ «ኢዝዲጂት» ለ፩ አዎ ይላል፣ «ኢንት» ግን አይቀበለውም፤ የወደቀው እዚያ ላይ ነው። «ኢዝዴሲማል» ቢሉ ኖሮ አይሆንም ይልዎት ነበር። ሲ ሻርፕም እንዲሁ ነው፦ «ኢዝ-ዲጂት» አይ፣ «ኢዝ-ነምበር» አዎ። ግዕዝ ዜሮ ስለሌለውና አሃዙ በቦታው ዋጋ ስለማይለወጥ ዩኒኮድ እንደ 1፣ 2፣ 3 አይቆጥረውም።

ለቀን መቀበል አይከብድም። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ከ4969 እስከ 4977 ናቸው፤ 4968 ይቀንሱ። ከ፲ እስከ ፺ ያሉት ከ4978 እስከ 4986 ናቸው፤ 4977 ቀንሰው በ10 ያባዙ። ከግራ እየደመሩ ይሂዱ፤ ፻ ሲያገኙ እስካሁን የተደመረውን በ100 ያባዙ፣ ምንም ካልተደመረ 1 እንደሆነ ይቁጠሩ። ፳፻፲፰ ላይ ፳ 20 ይሆናል፣ ፻ 2000 ያደርገዋል፣ ፲፰ ሲጨመር 2018። ከ10,000 በታች ለሆነ ሁሉ ይበቃል። የወር ሳጥኑ እስከ 13 ይቀበል፤ ወሩ 13 ሲሆን ቀኑ ከ5፣ በጳጉሜን 6 ዓመት ከ6 አይለፍ። የብር ሳጥን ላይ ግን የግዕዝ ቁጥር አይፍቀዱ። ሳንቲም የሚጻፍበት መንገድ የለውም።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ላለ የመጻሕፍት መደብር በኪውት (ሌላ የመስኮቶች መሥሪያ) መፈለጊያ ሠርተናል። በእንግሊዝኛ ሲፈለግ ፈጣን ነው፣ በአማርኛ ግን በየፊደሉ ይንጠለጠላል። ዳታቤዙ አማርኛ ይከብደዋል?

መልስ፦ ዳታቤዙ ምንም አልከበደውም። «ቴክስት-ቼንጅድ» በመጣ ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ፣ የአማርኛ መጻፊያው በባክስፔስ የሚሠራ ሲሆን «ሰላም» ለሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደምትፈልጉ ቁጠሩ፦ ስ፣ ባዶ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰ፣ ሰላ፣ ሰላም። ለሦስት ሆሄ ሰባት ጊዜ። ከሁሉም የከፋው ሁለተኛው ነው፤ ባዶ ጽሑፍ ማለት ለብዙ መፈለጊያ «ሁሉንም አምጣ» ማለት ነው። እያንዳንዱ አማርኛ ቃል ሲጀመር መደብሩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ሁሉ ይጫናል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳ ኪው-ታይመር 300 ሚሊሰከንድ ላይ አስቀምጡ፤ ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር «ስታርት» በሉት፣ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል። ጣት ሲያርፍ ብቻ ፈልጉ። ባዶ ከሆነ አትፈልጉ፣ ውጤቱንም በ50 ወስኑት። ፍለጋው በሌላ ትሬድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ስጡት፤ የዘገየ አሮጌ መልስ ከአዲሱ በኋላ ቢደርስ ቁጥሩን አይታችሁ ትጥሉታላችሁ። ሊኑክስ ላይ አይባስ በተባለው መጻፊያ ሲጻፍ ገና ያልጸና ሆሄ «ቴክስት-ቼንጅድ» ሳያስነሳ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ትክክለኛ ባሕርይው ነው። ራሳችሁ የሳላችሁት ሳጥን ከሆነ ግን «ኢንፑት-ሜተድ-ኢቨንት»ን ካልጻፋችሁለት አማርኛው ጨርሶ አይደርሰውም።

ከዚህ ጋር የፊደሎቹን ነገር ጨርሱት። አንዱ ዓለም ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው አለም ብሎ ይፈልጋል። በዳታቤዙ ውስጥ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ አድርጉ፣ የተጻፈውንም የሚፈለገውንም በአንድ መንገድ አስተካክሉ። ፊደሎቹ በዩኒኮድ በስምንት ስምንት ስለተደረደሩ መደመርና መቀነስ ብቻ ይበቃል፦ ከ4624 እስከ 4630 ያሉት የሐ ቤቶች 16 ሲቀነስ ሀ ይሆናሉ፤ ከ4736 እስከ 4742 ያሉት የኀ ቤቶች 128 ሲቀነስ እንዲሁ። ከ4640 እስከ 4647 ያሉት የሠ ቤቶች ላይ 16 ጨምሩ፣ ሰ ይሆናሉ። ከ4816 እስከ 4822 ካሉት የዐ ቤቶች 48፣ ከ4928 እስከ 4934 ካሉት የፀ ቤቶች 8 ቀንሱ፣ አ እና ጸ ይሆናሉ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ለደንበኛው የምታሳዩት ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዓምድ ይሁን፤ ደራሲው ርእሱን በሠ ጽፎት ከሆነ በሠ ይታይ።